ቀኑ ሳያልፍ ንገሩኝ

ግንባታ ላይ ለሚውል ሰው የማስረከቢያ ቀን ማለፉ አዲስ ነገር አይደለም። ሲሚንቶ ከገበያ ይጠፋል፤ ዕቃ ከውጭ ለማስገባት ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ባንክ ወረፋ ይጠበቃል፤ ክረምቱ ቀድሞ ይገባል፤ ባለቤቱ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከተደረሰ በኋላ ዲዛይን ያስቀይራል። በቁጥጥር መሐንዲስነት ከሠራሁባቸው ሕንፃዎች መጀመሪያ ውሉ ላይ በሰፈረው ቀን የተረከብናቸው በጣም ጥቂት ናቸው። መዘግየትን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት፣ መልመድም የማልፈልገው፣ ሥራው እንደማይደርስ ሁሉም እያወቀ ማንም አፍ አውጥቶ ሳይናገር የሚያልፉትን ሳምንታት ነው።

ሰኞ ጠዋት የሳይት ስብሰባ አለ። የኮንትራክተሩ መሐንዲስ፣ የአማካሪው ተጠሪ፣ የባለቤቱ ወኪል፣ አንዳንዴም ንዑስ ተቋራጮች በቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ሪፖርት ይነበባል። «ልስን 90 በመቶ፣ ኤሌክትሪክ 85 በመቶ፣ አልሙኒየም በሂደት ላይ።» በሚቀጥለው ሰኞም ያው ይነበባል። ከዚያ በኋላ ባለውም። ሥራው ውስጥ ያለ ሰው 90 ላይ ቆሞ የቀረ ቁጥር ሲያይ ነገሩ ይገባዋል፦ የቀረችው 10 በመቶ በጉልበት የምትጨረስ አይደለችም፤ የሆነ ቦታ ያልተከፈለ ሰው ወይም ያልተገዛ ዕቃ አለ። ማንም ግን ይህን አይልም። «በዚህ ሳምንት እንጨርሳለን» ይባላል፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ይሰፍራል፤ ሁሉም ይፈርምና ይበተናል።

ይህ ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል አጥርቼ ያየሁት አንድ የትምህርት ቤት ሕንፃ ላይ ነው። የተጠራሁት መጨረሻ ላይ፣ ለርክክብ ምርመራ ነበር። ሕንፃው በነሐሴ አጋማሽ ተጠናቆ መስከረም ላይ ተማሪ እንዲገባበት ታስቧል። ስደርስ መስኮቶቹ ባዶ ናቸው፤ መጸዳጃ ቤቶቹ ጋር ውኃ አልደረሰም። የቀደሙትን ሪፖርቶች አገላበጥኩ። የአልሙኒየም ሠራተኛው ቅድሚያ ክፍያ ስላልተለቀቀለት የመስኮቶቹን ፕሮፋይል (የአልሙኒየም ዘንግ) ጭራሽ አላዘዘም፤ ይህንንም የሳይት መሐንዲሱ ከሰኔ ጀምሮ ያውቃል። በየሳምንቱ የተጻፈው ግን «በሂደት ላይ» ነው። ሁለት ወር ሙሉ በሂደት ላይ።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ዕድሜያቸውን በመምህርነት የጨረሱ ሴት ናቸው። አልጮሁም። አንዱ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆመው፣ «ሐምሌ ላይ ብትነግሩኝ ቤት እከራይ ነበር። ለወላጆች ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ምዝገባውንም በሁለት ፈረቃ አደርገው ነበር። አሁን በጳጉሜን ምን ላድርግ?» አሉን። መልስ የሰጣቸው ሰው አልነበረም። እሳቸው ካነሷቸው ነገሮች አንዱም ከባድ አልነበረም። ሦስቱንም ማድረግ የሚችሉበት ጊዜ ነበራቸው፤ ያን ጊዜ ነው የወሰድንባቸው። መስኮቱ ስድስት ሳምንት ዘገየ ቢባል ነገሩ ይኸው ነው፤ እሳቸው ግን ከስድስቱ ሳምንታት ሌላ፣ ተዘጋጅተው መጠበቅ ይችሉባቸው የነበሩትን ሁለት ወሮች አጡ። ወላጆቹም ዩኒፎርም ገዝተው ልጅ ይዘው የሚሄዱበት አጡ።

በሌላ ሳይት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ፎርማን ነበሩ። ብዙ አልተማሩም፤ የሥራ መርሐ ግብሩን በኮምፒውተር ሲሠራ አይተውት ይሆናል እንጂ ነክተውት አያውቁም። አንድ ሰኞ ከስብሰባው በኋላ ተከትለውኝ ወጡና፣ «ኢንጂነር፣ የሐሙሱ ሶሌታ አይሞላም» አሉኝ። «ከአራቱ ፌራዮዎች ሁለቱ ለቅሶ ሄደዋል። የላይኛው ፌሮ ገና ግማሹ ነው። ሁለት ልጅ ከሌላ ሳይት ካስመጣሽልኝ ቅዳሜ ይሞላል፤ ካላስመጣሽልኝ ማክሰኞ ነው።»

ሶሌታ የምንለው የፎቁን የአርማታ ወለል ነው፤ ፌሮ ውስጡ የሚገባው ብረት፣ ፌራዮ ደግሞ ብረቱን የሚያስረው ሠራተኛ ነው። ይህችን ንግግር ደጋግሜ አስባታለሁ፤ ለአዳዲስ መሐንዲሶችም እነግራቸዋለሁ። ምን እንደማይደርስ አለበት። ለምን እንደማይደርስ አለበት። ምን ቢደረግ እንደሚሻል፣ ካልተደረገ ደግሞ ትክክለኛው ቀን መቼ እንደሆነ አለበት። ይቅርታ የለበትም፤ ማመካኛም የለበትም፤ «እንሞክራለን» የሚልም የለበትም። ከሁሉ በላይ የተነገረው ሰኞ ነው። ሰኞ ላይ የኮንክሪት ፓምፑን ቀጠሮ በስልክ መቀየር ይቻላል፤ ሚክሰር መኪኖቹም ገና አልታዘዙም። ይኸው ነገር ሐሙስ ጠዋት ቢነገር ኖሮ ግን ፓምፑ ሳይት ገብቶ ኪራዩ ይቆጥራል፤ መኪኖቹም መንገድ ላይ ናቸው። የተቦካ አርማታ ደግሞ አይጠብቅም፤ ሲሚንቶው ውኃ ካገኘ ጀምሮ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ መፍሰስ አለበት። እንግዲህ ያን ጊዜ ወይ አርማታው ይደፋል፣ ወይ ደግሞ ፌሮው ሳያልቅ ይሞላል። ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚያስፈራ ሥራውን የሚያውቅ ያውቀዋል። መዘግየቱ በሁለቱም ቀን ያው መዘግየት ነው። የሰኞው በአንድ ስልክ ይፈታል፤ የሐሙሱ ሕንፃው ላይ ይቀራል።

ታዲያ ሰው ለምን እንደ ጋሼ አይናገርም? ይሉኝታ ነው ይባላል፤ ክፉ ወሬ ይዞ መቅረብ ከበድ ይላል ይባላል። እውነት አለው፤ እኔ ግን ይህን ምክንያት ብቻውን አልቀበለውም። ጋሼም የዚሁ አገር ሰው ናቸው። እኔ እንዳየሁት ዝምታው የሚመረተው ከላይ ነው። አንድ ወጣት መሐንዲስ ስብሰባ ላይ «ይህ ሥራ አይደርስም» ሲል በሰው ፊት «እና አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ከተባለ፣ ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ትምህርት ወስደዋል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር 90 በመቶ ይሆናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ግን በሽታውን የተናገረውን እየቀጣን እንዴት አድርጎ ይናገር?

አብሬው የሠራሁ አንድ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ነበር። መዘግየት ሲነገረው መጀመሪያ የሚጠይቀው «መቼ አወቅከው?» ብሎ ነው። «ትናንት» ወይም «ዛሬ ጠዋት» ከተባለ፣ ነገሩ የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን፣ «ምን ያስፈልግሃል?» ብሎ ማስታወሻውን ያወጣል። «የዛሬ ሦስት ሳምንት» ከተባለ ግን ያኔ ፊቱ ይለወጣል። የሚቆጣው ስለ ሦስቱ ሳምንታት ነበር እንጂ ስለ ሥራው መዘግየት አልነበረም። በጥቂት ወራት ውስጥ ሰዉ ይህን ተረዳውና ወሬ ወደ እሱ በሩጫ ይመጣ ጀመር። እሱ ያለባቸው ሳይቶችም ይዘገዩ ነበር፤ ግን ድንገተኛ ነገር አልነበረም።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1772 ላይ፣ አንድ ተዋዋይ ሌላው ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ ከመሟገቱ በፊት ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ላይ ተገቢ የሆነ የጊዜ ገደብ መስጠት እንደሚቻል ይናገራል። አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ ስላለፈ ብቻ ውሉ አይፈርስም፤ መጀመሪያ ንግግር አለ። በመንገድና በትልልቅ ግንባታዎች ላይ የምንጠቀምበት የ1999 እ.ኤ.አ. የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ውል ደግሞ ከዚህም ጠበቅ ይላል። ኮንትራክተሩ ሥራውን የሚያዘገይ ነገር መከሰቱን ካወቀበት፣ ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ለመሐንዲሱ ካላሳወቀ፣ የጊዜ ማራዘሚያ የመጠየቅ መብቱን ያጣል። ጎርፍ ወስዶበት፣ ሙሉ በሙሉ እውነቱ ከእሱ ጋር ሆኖም ቢሆን፣ ሳይናገር 28 ቀን ካለፈ ይከለከላል። ይህን አንቀጽ ጨካኝ ነው የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ደግሞ ውሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ልባም የሆነው አንቀጽ ይመስለኛል።

በቅጣት ብዙ የሚያምኑ አሉ። በብዙ የመንግሥት ግዥ ውሎች ላይ የተለመደው የመዘግየት መቀጫ በቀን 0.1 በመቶ ሆኖ ጣሪያው 10 በመቶ ነው። በ100 ቀን ጣሪያው ይነካል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ውሉን ማቋረጥ ነው፤ ግማሽ የተሠራ ሕንፃ ይዞ አዲስ ጨረታ ማውጣት ደግሞ ምን ያህል ዓመት እንደሚበላ ማንም ባለቤት ስለሚያውቅ በቀላሉ አይደፍረውም። ስለዚህ ከ100ኛው ቀን በኋላ መቀጫው ማንንም አያስፈራም። መቀጫ ይቅር አልልም። መቀጫ ሰውን ያስፈራል፤ እንዲናገር ግን አያደርገውም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እንዲደብቅ ነው የሚያደርገው።

ሌላው ነገር፣ ብዙ ቀኖች ገና ሲጻፉ ጀምሮ እውነት አልነበሩም። አዲስ መርሐ ግብር ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው ክረምቱን ነው፦ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የመሠረት ቁፋሮ ተይዞ ከሆነ ወረቀቱን እመልሰዋለሁ። ቀጥዬ ገናንና ጥምቀትን፣ ፋሲካንና ረመዳንን እፈልጋለሁ። ብዙዎቹ መርሐ ግብሮች ላይ የሉም። ለገና አገሩ የሄደ የቀን ሠራተኛ ጥምቀትን ሳያከብር እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን፤ በኅዳርና በታኅሣሥ እህል ለመሰብሰብ ወደ ገጠር የሚመለሱም አሉ። ይህን ሁሉ እያወቅን ጥር ላይ ሙሉ የሰው ኃይል እንዳለ አድርገን እንጽፋለን፤ ከዚያ በየካቲት «የሠራተኛ እጥረት አጋጠመን» እንላለን። የተጠበቀ ነገር አያጋጥምም።

የዘመን አቆጣጠሩም የራሱ ጣጣ አለው። የውጭ ገንዘብ ያለበት አንድ ፕሮጀክት ላይ የእንግሊዝኛው ውል «ጁን 30» ይላል፤ የአማርኛው ደብዳቤ «ሰኔ መጨረሻ» ብሎ አለፈው። ጁን 30 ማለት ሰኔ 23 ነው። እኛ ደግሞ በጀት ዓመት የምንዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ ሁሉም ሰው ሐሳቡ እዚያ ነበር። አንድ ሳምንት በዚህ ጠፋች። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «እስከ 12 ሰዓት» የሚል መልእክት ለአንዱ ቀትር፣ ለሌላው ምሽት ነው። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን በመጻፍ ይድናል።

ትልቁ ግን ራሳችንን የምናታልልበት ግምት ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩ የካናዳ ተማሪዎች መቼ እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። ሁሉም ነገር ቢበላሽባችሁስ ሲባሉ ወደ 49 አደረሱት። በእውነት የፈጀባቸው 55 ቀን ተኩል ነው። የከፋውን አስቡ ተብለው ያሰቡት እንኳ ከእውነቱ አነሰ። ስለዚህ ግምት ስቀበል «ስንት ቀን ይፈጅብሃል?» ማለቱን ትቻለሁ። «ባለፈው ሳይት ይህንኑ ሥራ ስንት ቀን ፈጀብህ?» እላለሁ። መልሱ ሁልጊዜ ይረዝማል፤ ሁልጊዜም ለእውነቱ ይቀርባል።

አገር የሚያውቀው ምሳሌ ላንሳ። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዕቅድ ከ2010 ዓ.ም. በፊት ማለቅ ነበረበት። ለዓመታት በየዜናው የምንሰማው መቶኛ ነበር፤ ቁጥሩ እየጨመረ ይሄዳል፤ እኛም በየደመወዛችን ቦንድ እየገዛን ቁጥሩን እንከተላለን። ነሐሴ 2010 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው ክፉኛ እንደዘገየና ከያዘው ኮርፖሬሽን ተወስዶ ለሌላ መሰጠት እንዳለበት በግልጽ ተናገሩ። ብዙ ሰው ደነገጠ፤ አለቀ ደቀቀ ያለም ነበር። እኔ እንደ ባለሙያ እፎይ ነበር ያልኩት። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ነው ነገሮች መቀየር የቻሉት፦ ሠሪዎቹ ተቀየሩ፤ 16 ሊሆኑ የነበሩት ተርባይኖች 13 ሆኑ፤ ቀኑም እንደ አዲስ ታሰበ። የመጀመሪያው ኃይል የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. መነጨ፤ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ቀን ሲያልፍ መቀየር የሚቻለው ቀኑ፣ የሥራው መጠን ወይም ሠሪው ነው። መቶኛው ብቻ በሚነገርበት ጊዜ ግን ከሦስቱ አንዱንም መንካት አይቻልም፤ ምን እንደተበላሸ የሚያውቁት ጥቂቶች ብቻ ናቸውና።

አራተኛ መንገድ አለ፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ድንጋጤ ይገባና ጥድፊያ ይጀመራል። ለሳችና ቀለም ቀቢ አንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ፤ እርጥብ ልስን ላይ ቀለም ይቀባል፤ በሁለተኛው ክረምት ይላጣል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ የሶሌታው ድጋፍ ያለ ጊዜው ሲነሳ ነው። አርማታ ሙሉ ጥንካሬውን የምንለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ ለዚህም ነው ከእያንዳንዱ ሙሌት ኪዩብ (የአርማታ ናሙና) ወስደን በ7ኛውና በ28ኛው ቀን የምንጨፈልቀው። «ዘግይተናልና ድጋፉ ለላይኛው ፎቅ ይፈለጋል» የሚል ጥያቄ ሲመጣ የኪዩቡን ውጤት እጠይቃለሁ፤ ውጤት ከሌለ አልፈርምም። ተቆጥተውብኛል፤ ለአለቃዬም ከስሰውኛል፤ ሥራ አጓታች ተብያለሁ። የዘገየ ሶሌታ አንድ ቀን ይደርሳል። ያልጠነከረ ሶሌታ ሥር ግን ሰው ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜም የቀን ሠራተኛ ነው፤ መርሐ ግብሩ መዘግየቱን እንኳ ያልሰማ ልጅ። አንድ ሳይት ውስጥ ስለ መዘግየት በነፃነት መናገር ካልተቻለ ሰዓቱ የሚካካሰው ከዚህ ልጅ ደኅንነት ላይ ተቀንሶ ነው። ስለ ማስረከቢያ ቀን ይህን ያህል የምጽፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን በምመራቸው የሰኞ ስብሰባዎች የመጀመሪያውን አጀንዳ ቀይረነዋል። ስለተሠራው ከማውራታችን በፊት «ከዚህ ሳምንት ዕቅድ የማይደርሰው የቱ ነው? ለምን?» እንባባላለን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ጠረጴዛውን ያይ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ሥራውን የያዘው ልጅ፣ «ሁለተኛ ፎቅ የግድግዳ ኮንዲዩት (የኤሌክትሪክ ሽቦ ቱቦ) አልገባም። ዕቃው ዓርብ ነው የሚመጣው፤ ብሎኬት ሠራተኞቹ ግን ረቡዕ ግድግዳውን ይዘጉብኛል» አለ። ግንበኞቹን ወደ ደረጃው በኩል አዞርናቸው። ዝም ቢል ኖሮ የተገነባውን ግድግዳ በመሮ መቦርቦር ነበረብን። ከዚያ ወዲህ ማንም ጠረጴዛ አያይም።

ችግሩ አሁን ከባለቤቱ ወኪል ጋር ነው። የምንልከው ሪፖርት የመጀመሪያ ገጹ የማይደርሱ ሥራዎች ዝርዝር ስለሆነ፣ «የሌላው ሳይታችን ሪፖርት ንጹሕ ነው፤ የእናንተ ለምንድነው ችግር ብቻ የሚሆነው? ቦርዱ ሲያየው ምን ይላል?» ይሉናል። ገጹን ወደ ኋላ እንድናዞረው ጠይቀዋል። አጠር እናድርገው፣ ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብም ምን እንደወሰንን እንጻፍ ብለን ተስማምተናል። ወደ ኋላ እንዲሄድ ግን አልተስማማሁም፤ እሳቸውም አልተውኝም። የዚህ ሳምንቱ ሪፖርት ዓርብ ይወጣል። የማይደርሱ ሦስት ሥራዎች አሉበት፤ አንደኛው ሊፍቱ ነው፤ እሱም የሚቀመጠው መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው።